ከጎማ ቤቱ በር የመለስኳት ልጅ

ሐጂ ጎማ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ ኃላፊነት ካላማዳሪያ፣ ማለትም የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውሃ ውስጥ መንከር ነበር። ግማሽ በርሜል ውሃ ፊቴ ተቀምጧል፤ የተነፋውን ካላማዳሪያ እያዞርኩ እጫናለሁ፤ አረፋ የወጣበትን ቦታ በጠመኔ አከባለሁ። ሁለት ቀዳዳ አገኘሁና እንደ ጀግና ቀና አልኩ። ሐጂ ካላማዳሪያውን ከእጄ ተቀብለው ጉንጫቸው አጠገብ ቀስ ብለው አዞሩት፤ አንድ ቦታ ላይ ቆም አሉ፤ ጣታቸውን አሳረፉበትና «ሦስተኛውስ?» አሉኝ። እውነትም ነበረ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አያቴ ሐዲዱን ተከትሎ ጅቡቲ የገባ ሰው ነው። አባቴም በባቡር ጣቢያው ጥገና ክፍል ዕድሜውን ጨረሰ። እኔ ለሥራ ስደርስ ባቡሩ ራሱ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ሆኖ ነበር። አባቴ እጄን ይዞ ከወደቡ ወደ ባልባላ በሚወጣው የከባድ መኪና መንገድ ዳር ወዳለው ጎማ ቤት ወሰደኝና «ከእንግዲህ እንጀራ ያለው እዚህ ነው» አለኝ። አልተሳሳተም።

ሐጂ የጅቡቲ ሶማሌ ናቸው፤ ያደጉት ግን ድሬዳዋ ነው። አማርኛቸው የድሬ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ይላሉ፤ «አቦ» ካላሉ ደግሞ ወሬ አይጀምርላቸውም። በመጀመሪያው ሳምንት «አቦ ተክሌ፣ እጅሽ የጸሐፊ እጅ ነው፣ ቢሮ ሂጂ» ሲሉኝ ተራ የሚጠብቁት ሹፌሮች ሁሉ ሳቁብኝ። እኔም እልህ ያዘኝና ቀረሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ቀረሁ።

ለማያውቅ ሰው ጎማ ቤት ውስጥ ሁሉም ቅባት የነካው ሰው አንድ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ነፊ ነህ፤ ውሃ ትሞላለህ፣ ኮምፕሬሰር ትጠብቃለህ፣ ንፋስ ትሞላለህ። ከዚያ ፈቺ ትሆናለህ፤ ክሪክ ታስገባለህ፣ ከጎማው ፊትና ኋላ እንጨት ታስደግፋለህ፣ ብሎኑን በረጅም ቧንቧ ትፈታለህ። ቀጥሎ ለጣፊ ነው፤ ፍቆ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ አድርቆ የሚለጥፍ። ከሁሉም በላይ ዋና ጎሚስታ አለ፤ የከባድ መኪናውን ጎማ ከቸርኬው፣ ከብረት ክቡ፣ የሚያወልቀው፣ የሚገጥመውና የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። እኔ ዋና እስክባል ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ከነፊነት ወደ ፈቺነት ያደግሁት ልሞት ስል ነው ብል ይሻላል። ከባድ ጎማ ሲነፋ ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው የብረት ቀለበት በወጉ ካልተቀመጠ ይፈናጠራል። ስለዚህ በሰንሰለት ታስሮ ነው የሚነፋው። እኔ አንድ ቀን ሹፌር አዋከበኝና ሳላስር ነፋሁ። ቀለበቱ በጆሮዬ ሥር አልፎ የቤቱን ቆርቆሮ ሰንጥቆት ወጣ። ሐጂ ኮምፕሬሰሩን አጥፍተው፣ እኔን ሳይሆን ሹፌሩን «አቦ መኪናሽን ይዘሽ ውጪ» አሉት። ደንበኛ ሲያባርሩ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔን በማግስቱ ፈቺ አደረጉኝ።

ሥራው ሲገባኝ ትዕቢት መጣ። አልዋሽም። ጎማ በመዶሻ እጀታ መታ አድርጌ በድምፁ ብቻ ንፋሱ መጉደሉን እናገር ነበር። ሹፌሮች «ተክሌ ከመንገድ ማዶ ሆኖ ያያል» ይሉኛል፤ እኔም «አይ፣ የእናንተ ወሬ» እያልኩ ውስጤ ደስ ይለዋል። ምንም የሚያመልጠኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያ መንገድ ግን የመኪና ብቻ አይደለም። መንገደኞቹን የጅቡቲ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከሀገር ቤት ተነስተው በእግር፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ወደ ባሕሩ፣ ከዚያ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ሊሄዱ ነው። ነጠላ ጫማ፣ አንድ ፌስታል፣ በገመድ የታሰረ የውሃ ዕቃ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ሐጂ ለእነሱ ብለው ከበሩ ውጪ ጥላ ሥር አንድ በርሜል ውሃና አንድ ጣሳ አስቀምጠዋል። ማንም ይጠጣል፤ ማንም አይጠየቅም። የሚሞላው ነፊው ነበርና በጀማሪነቴ እኔ ነበርኩ፤ በሆዴ እያጉረመረምኩ።

አሁን ስለ ማኅበራችን ልንገራችሁ። እኛ ጅቡቲ የተወለድነው ክርስቲያኖች በወር በወር በአሥራ ሁለት የምንጠጣው የሚካኤል ማኅበር አለን። ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። በየቤታችን በተራ ይደገሳል፤ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ለነዳያን የሚሆን ድርሻ ቀድሞ ይነሳል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሙሴ ይባላል። እኔ አምስት ዓመት ሙሴ ነበርኩ። ይህንንም ለመኩራራት አይደለም የምነግራችሁ፤ በኋላ ይገባችኋል።

መንገደኞቹ ሲበዙ ማኅበርተኞቹ እንርዳቸው አልን። የነዳያኑ ድርሻ ለእነሱ ይሂድ፤ የታመመ ሲገኝ መኪና ያለው ሆስፒታል ያድርስ፤ ልብስ ያለው ልብስ ይስጥ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ግን ሰዉ ከአቅማችን በላይ ሆነ። በአንድ ወር ስብሰባ ላይ ከየት ጀምረን የት እናቁም ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ አየ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ማተብ ያሰረውን እኛ እንያዝ፣ ማተብ የሌለው የራሱ ወገኖች አሉት፣ መስጊዱም ቅርብ ነው አልኩ። ቀላልና ግልጽ ሆነላቸው። አጨበጨቡልኝ። ሐሳቡ የእኔ ነው። በማንም አላላክክም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ አንገት ላይ ሆነ። መንገደኛ ሲመጣ ፊቱን ሳላይ አንገቱን አያለሁ። ጥቁር ክር ካለ ከሥራዬ ተነስቼ እቀበላለሁ፤ «ከየት ነህ? በልተሃል?» እላለሁ፤ ሚስቴ ከቤት በምትልክልኝ ምሳ አካፍላለሁ። ከሌለ ወደ በርሜሉ በአገጬ አሳያለሁ። አንድ የደሴ ሹፌር፣ ደላሎች ልጆቹን ከባሕሩ በፊት ማተባችሁን በጥሱ፣ ስማችሁንም ለውጡ እያሉ እንደሚያስፈራሯቸው ነግሮኝ ነበር። ማዶ በክርስቲያን ስም የተያዘ ይጎዳል ይሏቸዋል አለኝ። እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? በነዋይ ፍለጋ ማተቡን የሚበጥስ ሰው ምኑ ይታመናል አልኩት። ሹፌሩ አየኝና ሻዩን ጠጣ።

ቀኑ ዓርብ ነው፤ ሐምሌ። የጅቡቲን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ሐጂ ለጁምዓ ሶላት ከሄዱ ቆይተዋል፤ ሁለቱ ሠራተኞችም ሶላት ላይ ናቸው። ዓርብ እኩለ ቀን ጎማ ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ከተማው ሁሉ ሲዘጋ የእኛ በር ክፍት ይሆናል። አንድ ሹፌር የኋላ ጎማ ፈንድቶበት ወደቡ ላይ የጭነት ተራው ሊያልፍበት ነው። እኔ ጎማውን አውልቄ ቸርኬው ላይ ተደፍቻለሁ።

«አባባ» አለችኝ አንዲት ልጅ።

ቀና ስል ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ሂጃብ ለብሳለች፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አፈር ነው። በርሜሉን አልፋ መጥታለች፤ ውሃ አልጠጣችም። ወንድሟ ከትናንት ጀምሮ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው እንዳደረ፣ አሁን መነሳት እንዳቃተው፣ እዚያ ታች ደረቁ ወንዝ ላይ ድልድዩ ሥር እንዳስተኛችው ነገረችኝ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው። ከዚያ የሐጂን ፒክአፕ አየችና፣

«መኪናው የእርስዎ ከሆነ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ሆስፒታል ብቻ ያድርሱልኝ» አለች።

ቁልፉ ከኋላዬ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሐጂ ለማንኛውም ጉዳይ ውሰጂው ካሉኝ ዓመታት አልፈዋል። ድልድዩ በመኪና አምስት ደቂቃ አይሞላም። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ነፋሱ ሂጃቧን ሲገልጠው ግን እኔ ያየሁት አንገቷን ነው። ባዶ ነበር።

«ስምሽ ማነው?» አልኳት።

ዓይኗ ደረቴ ላይ አረፈ። ቱታዬ በሙቀቱ ተከፍቶ ማተቤና የእንጨት መስቀሌ ይታያሉ። አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፋጡማ» አለች።

መስጊዱ ከፍ ብሎ እንዳለ፣ ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ሰው እንደማይጠፋ፣ ለእነሱ ብትነግር ወዲያው እንደሚረዷት አስረዳኋት። በትሕትና ነው ያስረዳኋት፤ አልጮህኩባትም። አንድ ጠርሙስ ውሃም ከራሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አንገቷን ደፍታ አመሰገነችኝ። ሹፌሩ «ጋሼ፣ ተራዬ!» አለኝ። ተመልሼ ተደፋሁ። ጎማውን በአርባ ደቂቃ ገጥሜ ስጨርስ፣ ሹፌሩ እንዳንተ ያለ እጅ አላየሁም ብሎኝ ሄደ። እኔም ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ።

ምሳዬን በላሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ባልጽፋት ደስ ባለኝ።

ሐጂ ከሶላት በኋላ ዋራበሌ ሰፈር ካለው ቤታቸው ምሳ በልተው ጋደም ይላሉ። ያን ቀን አሥር ሰዓት አካባቢ ሲመለሱ ግን ሲሮጡ ነው ያየኋቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ልጅቷ መስጊዱ ጋ ስትደርስ ሰዉ ተበትኖ ነበር። ወደ ወንድሟ ተመልሳ በብብቱ ይዛ እየጎተተች መንገድ ዳር አውጥታዋለች። ሐጂ እዚያ ነው ያገኟት። ቁልፉን ከምስማሩ እያወረዱ፣ ከታች በዚህ በኩል መጥታ እንደነበር ገምተው ነው መሰለኝ፣

«አቦ ተክሌ፣ ያቺን ልጅ አላየሻትም?» አሉኝ።

«አላየኋትም» አልኩ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ። ለምን እንደዋሸሁ ዛሬ ድረስ ራሴን እጠይቃለሁ። ደንቡን ብነግራቸው እኮ ማኅበራችን የወሰነው ነው ማለት እችል ነበር። ለእሳቸው ልናገረው ስል ነው መናገር የማይቻል ነገር መሆኑን ያወቅሁት። እንግዲህ ጥፋት መሆኑን ድሮም አውቅ ነበር ማለት ነው።

አብሬያቸው ሄድኩ። ልጁን ፒክአፑ ላይ ስናነሳ እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንድ ትልቅ ሰው እንደዚያ ይቀላል ብዬ አላስብም ነበር። ቆዳው ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል። እህቱ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔን አየችኝ፤ አወቀችኝ፤ ለሐጂ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም በፈረንሳይኛ ከመቼ ጀምሮ እንደታመመ ጠየቀ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ፈሳሹ ሁሉ ከሰውነቱ አልቋል፣ ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ሥራችን ቀላል ነበር አለ። ይህችን ግን አልተረጎምኩላትም። ሐጂ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ፤ ሰምተዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሞተ። ስሙን አሊ ብላ አስመዝግባዋለች። ሐጂና ጎረቤቶቻቸው አጠቡት፣ ከፈኑት፣ በዚያው ቀን በሙስሊም መቃብር ቀበሩት። ከማያውቁት ሰው ጀርባ አርባ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ሰገደለት። እኔ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ነበር። ልጅቷን የሐጂ ባለቤት ዋራበሌ ወሰዷት፣ አጠቧት፣ ከሴት ልጆቻቸው ጋር አስተኟት።

የሚቀጥለው አሥራ ሁለት የሚካኤል ተራ እኔ ቤት ነበር። ማኅበርተኛው ተቀምጧል፤ ጸሎቱ ተደርጓል፤ ዳቦው ሊቆረስ ነው። በሩ ተንኳኳና ስከፍት ሐጂ ቆመዋል፤ አጠገባቸው ልጅቷ። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ማኅበርተኛው ሁሉ ብድግ አለ፤ ሐጂን የማያከብር የለም። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«አቦ፣ ልጅቷ የእናንተ ናት» አሉ። «ትናንት ነው ለባለቤቴ የነገረቻት። ወንድሟን እኛ ሳናውቅ በእኛ ደንብ ቀብረነዋል። አፉ በሉን።»

ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ቤት፣ እኔ ፊት። እኔ ሙሴው በእጄ ቢላ ይዤ ዳቦው ላይ ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት በወደድኩ። አንዱ ማኅበርተኛ ሐጂን እጃቸውን ይዞ አንቱን እግዜር ይስጥልን እንጂ ምን በደሉን እያለ ያለቅሳል፤ ሌሎቹ ልጅቷን ያቅፋሉ። ስሟ ብርቄ ነው፤ የወንድሟ ሙሉጌታ፣ የክርስትና ስሙ ገብረ ሚካኤል። ፍትሐት እንዲደረግለት ልትለምን ነው የመጣችው። ስሙ የእኛው የሚካኤል ነው።

ዳቦ ቆርሼ አቀረብኩላት። እሷ ማንም እንዳይሰማ አጎንብሳ እንዲህ አለችኝ፦

«ማተብዎን አይቼ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁት። መንገዱ ላይ ሌሎች ሱቆች ነበሩ። ስሜን ሲጠይቁኝ የራሴን ማተብ መበጠሴ አሳፈረኝ። ለዚህ ነው ፋጡማ ያልኩት።»

 ያን ቀን ለማኅበሩ ጥፋቴን አልተናገርኩም። ሙሴ ሆኜ ማኅበሩን በጸሎት ዘጋሁ።

በሳምንቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩና እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቅሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ክርስቲያን እህቴን ከበሬ መለስኳት፣ የሚካኤልን ስም የተሸከመ ወንድሜን አስገደልኩት አልኩ። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ረጋ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። እስክበርድ ጠብቀው፣

«ልጅቷ እንዳለችህ ፋጡማ ሆና ብትቀር፣ አንተ ዛሬ እዚህ ትመጣ ነበር?» አሉኝ።

የነጠላዬን ጫፍ መጠቅለል ጀመርኩ።

«ተክሌ፣ ጠይቄሃለሁ።»

«አልመጣም ነበር፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ንስሐህ ከዚያ ይጀምራል» አሉ።

 እስከዚያ ያፈሰስኩት እንባ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ታየኝ። እኔ ያለቀስኩት ስለ ሰው አይደለም፤ ስለ ስሕተቴ ነው። የእኛውን ሰው ሳላውቅ መለስኩ ብዬ ነው ያለቀስኩት። እንግዳ ስለ መቀበል ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ የእንግዳው አንገት ይታይ የሚል ግን ሰምቼ አላውቅም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በጭብጨባ።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ፊት ቆምኩ። ልጅቷን አይቻታለሁ፣ ስሟን ጠይቄ መልሻታለሁ፣ ሲጠይቁኝም ዋሽቻለሁ አልኳቸው። ሰንሰለት እየፈቱ ነበር። ሥራቸውን አላቆሙም። ሰንሰለቱን ፈትተው ሲጨርሱ፣

«ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነበር» አሉ።  «አቦ» እንኳ አላሉኝም።

በዚያ ሳምንት ነፊ አደረጉኝ። ከሠላሳ ዓመት ሥራ በኋላ፣ ዋናውን ጎሚስታ። የጎማ ቤቱ ልጆች አፍረው ቱቦውን ከእጄ ሊወስዱ ይሞክሩ ነበር፤ ሐጂ ተዉት አሉ። ውሃ ሞላሁ፤ የመንገደኛውንም በርሜል ጭምር። ሹፌሮች ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ ጥፋት አጥፍቼ ነው አልኩ። አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሁለት ወር ገደማ እንደዚያ ሠራሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሐጂ የጎማ ማውለቂያ ብረቱን ወረወሩልኝና «አቦ ነይ፣ ይህ ጎማ አስቸገረን» አሉኝ። እኔም ሄድኩ።

ማኅበሩ ፊት መናገሩ የባሰ ነበር። አንድ ታላቅ ማኅበርተኛ ተቆጥተው ታዲያ ዓለምን ሁሉ እንችላለን ወይ አሉኝ። አይ፣ አንችልም፣ ስንችል እንረዳለን፣ ሳንችል አልቻልንም እንላለን፤ የሚረዳውን የምንመርጥበትን ደንብ ግን እኔ ስለሠራሁት እኔ ላፍርሰው አልኳቸው። ተከራከሩ። ሁለቱ እስካሁን አልተስማሙም። ደንቡ ግን ፈረሰ። ሙሴነቱንም አስረከብኩ፤ ማንም አስረክብ አላለኝም።

ብርቄ ማዶ አልተሻገረችም። ሐጂ ከሚያውቁት የወሎ ሹፌር ጋር ወደ እናቷ ልትመለስ ሆነ። ፍትሐቱ ተደርጓል። የምትሄድበት ጠዋት ጥቁር ክር ገዝቼ ወደ መኪናው ወሰድኩላት፤ ላስርልሽ አልኳት። ክሩን አየችው፤ ሳትቀየመኝ መለሰችልኝ።

«እናቴ ታስርልኛለች» አለች። ከዚያ ጋቢና ላይ ከተቀመጠች በኋላ በመስኮቱ፣ «ማን ቀበረው ብትለኝ ሐጂ ቀበሩት እላታለሁ። ማን ከበሩ መለሰሽ ብትለኝ ግን አልነግራትም፤ የማተብ ሰው ነው ማለት ያሳፍረኛል» አለች።

መኪናው ሄደ። ክሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉልበቴ ክሪክ ሥር አይገባም፤ ከጎማ ቤቱ ግን አልጠፋም፤ ጠዋት ጠዋት ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ልጆቹ ይታገሡኛል። ይህን የጻፍኩት በዚያ መንገድ ዳር ጎማ ለምትጠግኑ፣ ሻይ ለምትሸጡ፣ ሚዛን ይዛችሁ ለምትነግዱ ነው፤ መንገደኛው ወደ እናንተ በር ነው የሚመጣው። ሰው ሲመጣ ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ማን እንደሆነ በኋላ ይደረስበታል። እኔ ቅደም ተከተሉን አዛብቼ አንድ ሰው ሞቷል።

እኔስ ተለወጥኩ ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ። ዛሬም መንገደኛ ሲመጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው አንገቱ ላይ ነው። አልተወኝም፤ የሚተወኝም አይመስለኝም። አፍራለሁ፤ እያፈርኩም እነሳለሁ።